ኮፈን ላይ የሚገጠም አየር መሳቢያ በመቀሌ ከፍታ ምን ያህል ይሠራል?

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ፡፡ ያሳየኝ የአንድ ኮፈን ፎቶ ነበር፡፡ ከፋይበር ግላስ የተሠራ፣ ከፊቱ ሁለት ሰፋፊ አፍንጫዎች የከፈተ፣ በነጋዴ በኩል ከዱባይ የሚመጣ ኮፈን ነው፡፡ «አኮይ፣ ይኼን ኮሮላዬ ላይ ባስገጥም የኩሓን ዳገት ማርሽ ሳልቀይር እወጣዋለሁ ብለውኛል፤ እውነት ነው?» አለኝ፡፡ ለኮፈኑ ሊከፍል ያሰበው ገንዘብ ሞተሩን ለማሳደስ ያጠራቀመው ነበር፡፡

እኔ መካኒካል ምህንድስና የተማርኩ ብሆንም መልሱን ቶሎ አልሰጠሁትም፡፡ ምክንያቱም ከብዙ ዓመት በፊት እኔም እንደ እርሱ ተታልዬ አውቃለሁ፡፡ ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ አውጥተን ሒሳቡን አብረን ሠራነው፡፡ ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ብዙ ባለመኪኖች በመኖራቸው ያን ዕለት ያሰላነውንና በመኪናው ላይ ያየነውን እዚህ አሰፍራለሁ፡፡

ነገሩ ምንድን ነው?

ሞተር ከቤንዚን በላይ የሚፈልገው አየር ነው፡፡ 1.6 ሊትር የሆነ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲሽከረከር 2,400 ሊትር ገደማ አየር ይስባል፡፡ የሚገባው አየር በበዛ መጠን ብዙ ቤንዚን ማቃጠል ስለሚቻል ጉልበቱም ይጨምራል፡፡ አየር መሳቢያ ያለው ኮፈን የተፈለሰፈው ለዚህ ነው፡፡ ኮፈኑ ላይ ወደ ፊት የተከፈተ አፍ ይሠራለታል፤ መኪናው ሲሮጥ የሚገጥመው ነፋስ በዚያ አፍ ገብቶ፣ በታሸገ መንገድ አልፎ፣ ወደ ፊልትሮው ሳጥን ይደርሳል፡፡

ከዚህ ሁለት ጥቅም ይጠበቃል፡፡ አንደኛው ግፊት ነው፤ ነፋሱ በመኪናው ፍጥነት ተገፍቶ ስለሚገባ አየሩ ይታመቃል ይባላል፡፡ ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው፤ ከኮፈን ሥር ካለው ትኩስ አየር ይልቅ ከውጭ የሚገባው ቀዝቃዛና የታመቀ ነው፡፡ ሻጮች ጮክ ብለው የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ነው፡፡ ከሁለቱ የተሻለ ፍሬ ያለው ግን ሁለተኛው መሆኑን ቀጥለን እናያለን፡፡

ከየት መጣ?

የዚህ ኮፈን አገሩ አሜሪካ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1965 የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ፖንቲያክ «ጂቲኦ» ለተባለው መኪናው በሻጮች በኩል የሚገጠም ዕቃ አቀረበ፡፡ የሚገርመው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ኮፈኑ ላይ የነበረው አፍንጫ ለጌጥ የተሠራና ዝግ ነበር፡፡ አዲሱ ዕቃ አፍንጫውን ከፍቶ፣ በካርቡራተሮቹ ዙሪያ ስፖንጅ ያለው ሳህን አስቀምጦ፣ ኮፈኑ ሲዘጋ ስፖንጁ ተጭኖ እንዲታሸግ አደረገው፡፡ «ራም ኤር» የሚለው ስም ከጊዜ በኋላ የፖንቲያክ መለያ ሆነ፡፡ ፎርድና ፕሊመዝም በየራሳቸው ስም ተከተሉት፡፡

ኮፈኑ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፖንቲያክ ፋየርበርድ ላይ ተመልሶ መጣ፡፡ በ1996 መደበኛው ፋየርበርድ ትራንስ አም 285 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ራም ኤር የተገጠመለት ደብልዩ ኤስ 6 ግን 305 እንዳለው ፋብሪካው አስታውቋል፡፡ ዛሬ ሻጮች የሚጠቅሱት ይህንን የ20 ፈረስ ልዩነት ነው፡፡ ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ የፋብሪካ የሞተር ጉልበት የሚለካው ሞተሩ በመለኪያ ላይ ቆሞ እንጂ መንገድ ላይ ሲሮጥ አይደለም፡፡ በቆመ ሞተር ላይ የሚገፋ የጉዞ ነፋስ የለም፡፡ ስለዚህ ልዩነቱ ከምን ይምጣ ከምን፣ ከነፋስ ግፊት ሊመጣ አይችልም፡፡ ፖንቲያክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ ወጥቷል፤ የኮፈኑ ቅጂዎች ግን ለማንኛውም መኪና ተሠርተው እስከ ዛሬ ይሸጣሉ፡፡

የነፋስ ግፊት በእውነት የሚሠራበት ቦታ የለም ማለት አይደለም፡፡ የካዋሳኪ ዜድኤክስ 10 አር የውድድር ሞተር ብስክሌት ለምሳሌ ወደ 200 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የነፋሱ ግፊት ሲታከልበት 210 እንደሚደርስ አምራቹ ይገልጻል፡፡ ይህ አምስት በመቶ ጭማሪ የሚገኘው ግን በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው፡፡ ከመቀሌ ውቅሮ ባለው መንገድ ላይ ማን በዚህ ፍጥነት ይነዳል?

የመቀሌ ሒሳብ

አሁን ወደ እኛ ከተማ እንምጣ፡፡ መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ነች፤ አሉላ አባነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት የኩሓ ሜዳ ደግሞ 2,250 ሜትር ገደማ ነው፡፡ በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 1,013 ሄክቶፓስካል ሲሆን በ2,200 ሜትር ላይ ግን ወደ 775 ይወርዳል፡፡ በሌላ አነጋገር እዚህ አንድ ትንፋሽ አየር ስንስብ ምጽዋ ላይ ካለው ሰው ሩብ ያህል ያነሰ እናገኛለን፡፡ ሞተሩም እንደዚያው ነው፡፡ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል፡፡ ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት ኮሮላ መቀሌ ላይ ያለው ወደ 78 ነው፡፡ ብዙ ሰው «መኪናዬ ደከመች» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው፡፡ መኪናዋ አልታመመችም፤ የምትተነፍሰው አየር ስስ ነው፡፡

ይህን የጎደለ አየር ኮፈኑ ሊመልሰው ይችላል ወይ? የነፋስ ግፊት በፍጥነት ስኩዌር ያድጋል፡፡ በመቀሌ አየር፣ አንዲት ጠብታ አየር እንኳ ሳትባክን ብንቆጥረው፣ ውጤቱ የሚከተለው ነው፡፡

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፦ የሚጨመረው ግፊት ከከባቢው አየር ግፊት 0.1 በመቶ ገደማ ነው፡፡
በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፦ 0.5 በመቶ አይሞላም፡፡
በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር፦ 1.8 በመቶ ገደማ ነው፡፡

የእህቴ ልጅ ቁጥሮቹን አይቶ «ይኼማ ምንም ማለት አይደለም» አለ፡፡ ትክክል ነው፡፡ ከፍታው 22 የፈረስ ጉልበት ሲወስድብን፣ ኮፈኑ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመልስልን ከግማሽ የፈረስ ጉልበት ያነሰ ነው፡፡ የኩሓን ዳገት የምንወጣው ደግሞ በሰዓት 100 ሳይሆን በ40 ወይም በ50 ነው፡፡ ጉልበት የምንፈልገው ዳገት ላይ፣ ፍጥነታችን ዝቅ ባለበት ጊዜ ነው፤ ኮፈኑ ግን የሚሠራው ፍጥነት ሲኖር ብቻ ነው፡፡ በተፈለገበት ሰዓት የማይገኝ ረዳት ማለት ይኸው ነው፡፡

ከመቀሌ እስከ ዳሎል

አየር በሞተር ላይ ያለውን ኃይል በዓይኑ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከመቀሌ የተሻለ ቦታ የለም፡፡ ጠዋት ከከተማ ተነሥቶ በኩሓ፣ በአጉላዕና በበርሃሌ በኩል ወደ ሐመድ ኤላ የወረደ ሰው፣ በአንድ ቀን ጉዞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ወደሆነው የደናክል ዝቅታ ይደርሳል፡፡ ጨው ጫኞችና አስጎብኚ ሾፌሮች ይህን መንገድ እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል፡፡

ዳሎል ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ቢሆን እንኳ አየሩ ከመቀሌው አየር በ24 በመቶ ገደማ የታመቀ ነው፡፡ ሰው በሙቀት ሲዝል መኪናው ግን ይበረታል፡፡ እኔም አንድ ጊዜ ቱርቦ በሌለው አሮጌ ላንድክሩዘር ስወርድ ሜዳው ላይ መኪናው የሌላ ሰው መኪና መስሎኝ ነበር፡፡ ስንመለስ በርሃሌን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር በየኪሎ ሜትሩ ጉልበቱ ሲቀንስ፣ ሾፌሩ ማርሽ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ያ ብርታት የት እንደገባ ጠየቅሁት፡፡ «እዚያው ጨው ላይ ትተነው መጣን» አለኝ፡፡ ይህ የ24 በመቶ ልዩነት ነው፡፡ ከላይ ካሰላነው የኮፈን ግማሽ በመቶ ጋር ማወዳደሩን ለአንባቢ እተወዋለሁ፡፡

የቪጎው ኮፈን ሌላ ነው

«ታዲያ ቪጎው ላይ ያለው አፍንጫስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፡፡ ኢንተርኩለር ባለው የቶዮታ ሂሉክስ ቪጎ ዲዝል ኮፈን ላይ፣ እንዲሁም በሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ላይ የሚታየው አፍ አየር ወደ ሞተሩ ሆድ የሚያስገባ አይደለም፡፡ እነዚህ መኪኖች ቱርቦ አላቸው፡፡ ቱርቦ አየሩን ሲያምቀው አየሩ ይሞቃል፤ የሞቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የተባለው ራዲያተር መሰል ዕቃ ነው፡፡ ኮፈኑ ላይ ያለው አፍ ነፋሱን የሚያወርደው በዚህ ዕቃ ላይ ነው፡፡ ይህን አፍ ቱርቦና ኢንተርኩለር በሌለው ኮሮላ ወይም ቪትስ ላይ መቅዳት ጫማ ሳይኖር ማሰሪያውን እንደ መግዛት ነው፡፡

የከፍታን ጉዳት በእውነት የሚያካክሰውም ቱርቦው ነው፡፡ ግማሽ ባር የሚጨምር ቀላል ቱርቦ የሚሰጠው ግፊት ኮፈኑ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ከሚሰጠው ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጣል፡፡ ባለቱርቦ መኪኖች በእኛ ዳገት ላይ እምብዛም የማይደክሙት ለዚህ ነው፡፡ ይህን ስል ግን ቱርቦ ባልተሠራለት ሞተር ላይ ቱርቦ ግጠሙ ማለቴ አይደለም፤ ፒስተኑም ቢዬላውም ለዚያ ግፊት አልተሠሩም፡፡

ቀዝቃዛ አየርስ?

እዚህ ላይ ለኮፈኑ ፍትሕ መስጠት ይገባል፡፡ ከኮፈን ሥር ያለው አየር 60 ዲግሪ፣ የውጭው ደግሞ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ የውጭው አየር በ10 በመቶ ያህል የታመቀ ነው፡፡ ስለዚህ ሞተሩ የሚስበው የኮፈን ሥር ትኩስ አየር ከሆነ፣ የውጭ አየር ማስገባት በእርግጥ ለውጥ ያመጣል፡፡ ችግሩ አብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ይህን ከፋብሪካ ይዘው መምጣታቸው ነው፡፡ ኮፈናችሁን ከፍታችሁ ከፊልትሮው ሳጥን የሚወጣውን ቱቦ ተከተሉ፤ አፉ ብዙውን ጊዜ ከፊት መብራቱ ጎን ወይም ከራዲያተሩ በላይ ወደ ውጭ ያያል፡፡ እንዲያ ከሆነ ቀዝቃዛውን አየር ቀድሞውኑ እያገኛችሁ ነው፡፡

የአፉ ቦታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፡፡ የሚሮጥ መኪና ላይ ነፋስ የሚጠራቀመው በሁለት ቦታ ነው፤ አፍንጫው ላይ፣ ማለትም ራዲያተሩ ፊት፣ እና ኮፈኑ ከፊት መስታወቱ ጋር በሚገናኝበት ሥር፡፡ የኮፈኑ ፊተኛ ክፍልና መሐሉ ላይ ግን ነፋሱ ወደ ላይ ተነሥቶ ስለሚያልፍ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፡፡ አንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች፣ ለምሳሌ ሼቭሮሌት ካማሮ፣ አፋቸውን ወደ ኋላ አዙረው ከመስታወቱ ሥር አየር የሚስቡት ይህን ስለሚያውቁ ነው፡፡ በገበያ ላይ ያሉት ግን አብዛኞቹ መሐል ኮፈን ላይ ጉብ ያሉ ናቸው፤ ከሥራቸውም ከፊልትሮው ሳጥን ጋር የሚያገናኝ የታሸገ መንገድ የላቸውም፡፡ ይህ መንገድ ከሌለ ኮፈኑ ጌጥ ብቻ ነው፡፡

አቧራና ዝናብ

እስካሁን ያልነው ኮፈኑ ብዙ አይጠቅምም ነው፡፡ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሊጎዳም እንደሚችል ነው፡፡

ከመቀሌ ወጣ ሲባል አቧራ አይጠፋም፡፡ ከተማው ዙሪያ ያለው ከኖራ ድንጋይ የሚነሣ ነጭ አቧራ ነው፡፡ ወደ ሐውዜንና ገረዓልታ ሲኬድ ደግሞ ከአሸዋ ድንጋይ የተፈረፈረ አሸዋ ነው፤ ይህ ኳርትዝ ያለበት በመሆኑ ከብረት የጠነከረ ነው፡፡ ፊልትሮውን አልፎ የገባ የዚህ አሸዋ ቅንጣት የፒስተኑን ፋሻ እንደ ሞረድ ይበላዋል፡፡ ለገጠር ሥራ የሚወጡ ላንድክሩዘሮች አየር የሚስቡበትን ቱቦ በጎን አውጥተው እስከ ጣሪያ የሚያደርሱት ውኃ ለመሻገር ብቻ አይደለም፤ ከፊት ከሚሄደው መኪና ጎማ የሚነሣው አቧራ ከፍ ባለ ቦታ ስለሚሳሳ ጭምር ነው፡፡ ኮፈን ላይ የተከፈተ አፍ ግን አቧራውን ፊት ለፊት የሚቀበል ነው፡፡

ዝናቡን በተመለከተ ራሴ ምስክር ነኝ፡፡ ወጣት ሳለሁ በነበረኝ ዲኤክስ ኮፈን ላይ አንድ ጋራዥ አስቀድጄ የላሜራ አፍንጫ አስበይጄ ነበር፡፡ ውኃ የሚያወርድ ቦይ አልተሠራለትም፤ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም፡፡ ሐምሌ መጣ፡፡ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ዝናብ በቀዳዳው ገብቶ የካንዴላ ገመዶቹን አራሰ፡፡ ጠዋት አልነሣ አለኝ፡፡ ጎረቤቶቼ ገፍተው ቁልቁል አስነሡኝ፤ በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፡፡ ክረምቱን በሙሉ ኮፈኔን በላስቲክ ጠቅልዬ አሳለፍኩ፡፡ ከዓመት በኋላ ብየዳው ዙሪያ ዝገት ወጣ፡፡ መኪናውን ስሸጥ ገዢው መጀመሪያ ጣቱን የቀሰረው እዚያ ቀዳዳ ላይ ነበር፤ ዋጋውንም የቀነሰው በእርሱ ምክንያት ነው፡፡ ያም ሆኖ ዕድለኛ ነበርኩ፡፡ ውኃው በታሸገ መንገድ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ቢገባ ኖሮ፣ ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ ቢዬላ ማጣመም ይችል ነበር፡፡

ሌላው የመቆለፊያው ነገር ነው፡፡ የፋይበር ግላስ ኮፈን ቀላል በመሆኑ የፋብሪካው መቆለፊያ በትክክል ካልያዘው በጉዞ ላይ ተነሥቶ የፊት መስታወቱን ሊመታ ይችላል፡፡ እንዲህ ዓይነት የአካል ለውጥ ከማድረግ በፊትም ለዓመታዊ ምርመራ፣ ማለትም ለቦሎ፣ ችግር እንደማይሆን የትራንስፖርት ቢሮውን ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል፡፡

ገንዘቡ የት ቢውል ይሻላል?

ሒሳቡን ከጨረስን በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር ወደ ውጭ ወጥተን የኮሮላውን ኮፈን ከፈትን፡፡ ፊልትሮው ከነጭ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ቆይቷል፡፡ የባሰው ግን ሌላ ነበር፡፡ ከፊልትሮው ሳጥን ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ከታች በኩል ተሰንጥቋል፡፡ በዚያ ስንጥቅ ሞተሩ ትኩስና ያልተጣራ አየር ሲስብ ከርሟል፡፡ ተጨማሪ አየር ፍለጋ ኮፈን ሊቀድ የነበረ መኪና ሳይፈለግ የተከፈተ ሌላ አፍ ነበረው፡፡

ሌላም አንባቢ በራሱ መኪና ላይ እንዲያይ የምመክራቸው የሚከተሉት ናቸው፡፡

1. የአየር ፊልትሮ፡፡ የአስፋልት ርቀትን ብቻ ቆጥሮ መቀየር አይበቃም፡፡ ኮረኮንች ላይ የሚሠራ መኪና ፊልትሮ በየጊዜው ተከፍቶ መታየት አለበት፡፡

2. ከፊልትሮው በኋላ ያለው ቱቦና ማጥበቂያው፡፡ ስንጥቅ ካለው ይቀየር፤ በፕላስተር መጠቅለል መፍትሔ አይደለም፡፡

3. ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ መኪና፡፡ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ነዳጅ በመጥፋቱ በከተማችን ብዙ መኪና ቆሞ ነበር፡፡ እኔ የራሴን ሳስነሣ የፊልትሮው ሳጥን ውስጥ አይጥ ቤት ሠርታ አግኝቻለሁ፡፡ ሳጥኑን ሳይከፍቱ ማስነሣት አይገባም፡፡

4. ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች፡፡ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁር ጭስና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ምልክቱ ነው፡፡ ለከፍታው የሚያስተካክል ሜካኒክ ከማንኛውም ኮፈን የበለጠ ጉልበት ይመልሳል፡፡ ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ይህን በሴንሰሮቻቸው ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ሴንሰሩ ንጹሕ ከሆነ፡፡

5. ጭነትና ማርሽ፡፡ ዳገት ላይ ማርሽን ቀድሞ መቀነስ ሽንፈት አይደለም፤ በስስ አየር ላይ ትክክለኛው አነዳድ ነው፡፡

ይህን ሁሉ የማነሣው ሞተር እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚተካ ነገር ባለመሆኑ ነው፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበር፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆኗል፡፡ በእጃችን ያለችው ኮሮላ ወይም ቪትስ ብዙ ዓመት እንድታገለግለን ከፈለግን አየሯን እንጠብቅላት፡፡

የእህቴ ልጅ ቱቦውንና ፊልትሮውን በማግሥቱ ቀየረ፤ ወጪው ለኮፈኑ ካሰበው ጋር የሚወዳደር አልነበረም፡፡ የቀረውን ገንዘብ ለሞተሩ እድሳት መልሶ አስቀመጠው፡፡ ዳገቱን ግን እስከ ዛሬ በሦስተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው፡፡ ከኮፈኑም ፍቅር ጨርሶ አልወጣም፡፡ «አኮይ፣ ለጉልበት ባይሆንም ያምራል እኮ» ይለኛል፡፡ ለማማር ከሆነ አልከራከረውም፤ የራሱ ገንዘብና የራሱ መኪና ነው፡፡ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፍንጫው እንደ መጀመሪያው ጂቲኦ ዝግ ይሁን፡፡